ሽፍታ ሞገድ፦ መርከበኞች እያዩት ሳይንስ ያላመነው አደጋ

"ዋራታ" የተባለችው የእንግሊዝ የመንገደኞች መርከብ ከደርባን ወደብ የወጣችው ጁላይ 26 ቀን 1909 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአውስትራሊያ ተነስታ ወደ እንግሊዝ ትጓዝ ነበር። ቀጣይ ማረፊያዋ ኬፕታውን ነው፤ መንገዱ ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው። መርከቧ አዲስ ነች፤ አገልግሎት ከጀመረች አንድ ዓመት አልሞላትም። መንገደኞቿና ሠራተኞቿ ሲደመሩ 211 ነበሩ። በማግስቱ ጠዋት "ክላን ማክንታየር" የተባለች የጭነት መርከብ አገኘቻትና በመብራት ምልክት ሰላምታ ተለዋወጡ። ዋራታ ፈጣን ስለነበረች ጥላት ሄደች። ከዚያ በኋላ አየኋት ብሎ በእርግጠኝነት የተናገረ የለም።

መርከቧ ሬዲዮ አልነበራትም፤ የድረሱልኝ ጥሪ አልተሰማም። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ወጥተው ፈለጉ፤ ከዚያም ለዚሁ ሥራ የተከራየች መርከብ ውቅያኖሱን ለወራት አሰሰች። የዋራታ ነው ተብሎ የተረጋገጠ አንድ ስባሪ እንጨት እንኳ አልተገኘም። በ1999 ስብርባሪዋ ተገኘ ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ በ2001 ጠላቂዎች ወርደው ሲያዩት ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰመጠች የጭነት መርከብ ሆና ተገኘች።

በነገራችን ላይ፣ ክላውድ ሶየር የሚባል አንድ መንገደኛ ደርባን ላይ ወርዶ ቀርቶ ነበር። "መርከቧ ወደ ጎን ስታጋድል ቶሎ አትመለስም፤ አላማረችኝም" ባይ ነው። በዚያ ላይ መጥፎ ሕልም አይቶ ነበር። በኋላ ለንደን ላይ በተካሄደው ምርመራ ቀርቦ ይህንኑ መሰከረ። መርማሪዎቹም መርከቧ በከባድ ማዕበል ተመትታ ሳትገለበጥ አልቀረችም ብለው ደመደሙ።

ለስድሳ ዓመታት ያህል ነገሩ በዚሁ ቆየ። በ1973 ግን የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማሎሪ በዚያ የደቡብ አፍሪካ ጠረፍ እስከ 20 ሜትር የሚደርሱ ያልተለመዱ ሞገዶች እንደሚነሱ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ከዚያ ወዲህ የዋራታ ታሪክ ሲነሳ አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል፦ ማዕበሉ ሁሉ ሳይሆን አንድ ሞገድ ብቻውን ውጧት ይሆን?

ምን ዓይነት ሞገድ ነው?

እንግሊዝኛ ተናጋሪ መርከበኞች "ሮግ ዌቭ" ይሉታል፤ ከመንጋው ወጥቶ ብቻውን የሚያጠቃ ሞገድ እንደማለት ነው። በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌለው እዚህ "ሽፍታ ሞገድ" እንበለው። ሽፍታ ከሰው ተለይቶ ጫካ እንደሚገባ፣ ይህም ሞገድ በዙሪያው ካሉት ሞገዶች ተለይቶ፣ አንዳንዴም ከሌሎቹ አቅጣጫ ውጪ ብቅ ይላል።

ከሱናሚ ጋር ግን አታምታቱት። ሱናሚ የሚነሳው በባሕር ወለል ላይ በሚደርስ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም መደርመስ ነው። ጥልቅ ባሕር ላይ ያለች መርከብ ሱናሚ በሥሯ ሲያልፍ ላታውቀው ትችላለች፤ ጉዳቱ የሚታየው የባሕር ዳርቻ ሲደርስ ነው። ሽፍታ ሞገድ ደግሞ ነፋስ የወለደው ነው። መሐል ባሕር ላይ ይነሳል፤ ለሰከንዶች ወይም ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል፤ ከዚያ ይጠፋል።

ሳይንሳዊ ፍቺው ቀላል ነው። በአንድ አካባቢ የሚያልፉትን ሞገዶች ቁጠሩና ከሦስት አንዱን፣ ማለትም ትላልቆቹን፣ ለዩ። የእነሱ አማካይ ከፍታ "ጉልህ የሞገድ ከፍታ" ይባላል። አንድ ሞገድ ከዚህ ቁጥር እጥፍ በላይ ከሆነ ሽፍታ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ፍቺው ስለ ሜትር ምንም አይልም። ጉልህ ከፍታው 4 ሜትር በሆነበት ባሕር ላይ ከ8 ሜትር በላይ የሆነ ሞገድ ሽፍታ ነው። ጉልህ ከፍታው 14 ሜትር በሆነበት ማዕበል ውስጥ ደግሞ 20 ሜትሩም ከተራው አንዱ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ምስክር እያለ ያልታመነው ለምንድን ነው?

ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንንና አሳሽ ዱሞን ዱርቪል በ1826 በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከ30 ሜትር በላይ የሆኑ ሞገዶች ማየቱን ሪፖርት አደረገ። ሦስት ባልደረቦቹም ምስክር ነበሩ። በዘመኑ ግን ሞገድ ከ9 ሜትር አይበልጥም የሚል እምነት ሰፍኖ ነበርና፣ ስመ ጥሩው የፊዚክስ ሊቅ ፍራንሷ አራጎ በአደባባይ አፌዘበት። አስቡት፤ አራጎ ፓሪስ ሆኖ ነው፣ ዱርቪል ደግሞ ባሕሩ ላይ የነበረ ሰው ነው።

አራጎን ሞኝ ማድረጉ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የመርከበኛ ወሬ ማጋነን ያለበት መሆኑን ሁሉም ያውቀው ነበር። በሚናወጥ መርከብ ላይ የቆመ ሰው የሞገድን ከፍታ በዓይኑ መገመትም በእርግጥ ይቸግረዋል፤ የቆመበት ወለል ራሱ ሲያጋድል አድማሱና የሞገዱ ቁልቁለት ይምታቱበታል። ሳይንስ ልኬት ሲጠይቅ ትክክል ነበር። ስህተቱ ልኬት የለም ማለትን ነገሩ የለም ከማለት ጋር ማምታታቱ ላይ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ትልቁን ሞገድ በቅርብ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይናገርም። ከዋራታ 211 ሰዎች አንድም ምስክር አልቀረም። በዲሴምበር 1978 በሰሜን አትላንቲክ የጠፋችው የጀርመን የጭነት መርከብ "ሙንሸን" ደግሞ 28 ሠራተኞቿን ይዛ ነው የቀረችው። በኋላ ባሕር ላይ ከተገኙት ዕቃዎች አንዷ የነፍስ አድን ጀልባዋ ነበረች። ጀልባዋ ትሰቀል የነበረው ከውሃው 20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ የተሰቀለችባቸው ወፋፍራም የብረት ካስማዎች ግን ከፊት ወደ ኋላ ታጥፈው ተገኙ። 20 ሜትር ከፍታ ላይ ከፊት መጥቶ ብረት ያጠፈው ምንድን ነው? ከውሃ በቀር ሌላ መልስ አልተገኘም።

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ አበው። ከዱርቪል በኋላ ወደ መጽሐፍ የገባ አንድ ጠንካራ ልኬት የተገኘው በፌብሩዋሪ 1933 ነው። "ራማፖ" የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከማኒላ ወደ ሳንዲዬጎ ስትጓዝ ሰሜን ፓሲፊክ ላይ ለቀናት በቆየ ማዕበል ውስጥ ገባች። ሞገዱ ከኋላዋ ይመጣ ነበር። የመርከቧ ጅራት ሸለቆው ውስጥ ሲወርድ፣ አንድ መኮንን ከመቆጣጠሪያው ክፍል ወደ ኋላ ሲመለከት የሞገዱ አናት ከምሰሶው ማማ ጋር በአንድ መስመር ላይ ሆነ። የመርከቧ ርዝመትና የምሰሶው ቁመት ይታወቃል፤ ቀሪው የሁለተኛ ደረጃ ጂኦሜትሪ ነው። ስሌቱ 34 ሜትር ሰጠ። ሆኖም አንድ ልኬት ነበርና እንደ ልዩ ገጠመኝ ተቆጥሮ ታለፈ።

ታላላቆቹ የመንገደኛ መርከቦች

አውሮፕላን ሳይለመድ በፊት አትላንቲክን መሻገሪያው መርከብ ነበር። ኩባንያዎቹ በፍጥነትና በምቾት ይፎካከሩ ስለነበር፣ ክረምትም ሆነ በጋ በሰሜን አትላንቲክ ላይ ሳያቋርጡ ይመላለሱ ነበር። ብዙ ጊዜ የሄደ ብዙ ጊዜ ያያል።

በጃንዋሪ 1910 "ሉሲታኒያ" ወደ 23 ሜትር የተገመተ ሞገድ ገጠማት። አዎ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ የሰመጠችው ሉሲታኒያ ናት። ሞገዱ በአፍንጫዋ በኩል መጥቶ የካፒቴኑን መቆጣጠሪያ ክፍል መስታወቶች ሰባበረ። መርከቧ ጉዞዋን ቀጠለች።

የ"ኩዊን ሜሪ" ገጠመኝ ግን ለጥቂት ታላቅ እልቂት ከመሆን የተረፈ ነው። ዓመቱ 1942፣ ወሩ ዲሴምበር ነው። የቅንጦት መርከቧ ለጦርነቱ ሲባል ወታደር ማመላለሻ ሆናለች። ከኒውዮርክ ወደ ብሪታንያ ስትጓዝ ከ10,000 በላይ አሜሪካውያን ወታደሮችን ጭና ነበር። ከስኮትላንድ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለ፣ እስከ 28 ሜትር የሚገመት ሞገድ ከጎኗ መታት። በኋላ በተደረገው ግምት መሠረት 52 ዲግሪ ያህል አጋድላለች። ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ 52 ዲግሪ ሲያጋድል ከግድግዳነት ይልቅ ወደ ወለልነት ይቀርባል፤ ጥቂት ዲግሪ ብትጨምር ኖሮ አትመለስም ነበር። ቀስ ብላ ተመለሰች። በአንድ ሞገድ ሳቢያ ከታይታኒክ ብዙ እጥፍ የሚሆን ሰው ሊሞት ይችል ነበር ማለት ነው። በሞገድ ስለተገለበጠ የመንገደኛ መርከብ የሚተርከው የ1972ቱ "የፖሴይዶን ጀብዱ" ፊልም ከፊሉ የተቀረጸው በዚህችው ኩዊን ሜሪ ላይ ነው።

ኤፕሪል 12 ቀን 1966 ደግሞ ተራው የጣሊያኗ "ሚኬላንጄሎ" ሆነ። ከጄኖዋ ወደ ኒውዮርክ ከ700 በላይ መንገደኞች ይዛ ስትጓዝ ማዕበል ውስጥ ገባች። አንድ ግዙፍ ሞገድ ከፊት መጥቶ የላይኛውን ፎቆች የፊት ግድግዳ ቀደደው። ከባሕሩ ወለል ከ20 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያለው የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወፍራም መስታወት ሳይቀር ተሰበረ። ሁለት መንገደኞችና አንድ የመርከቧ ሠራተኛ ሞቱ፤ በርካቶች ቆሰሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የመርከቧ ዋና አካል ከታች ብረት ነው፤ አልተነካም። የተቀደደው የላይኛው ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር። ለምን? ነዳፊዎቹ እዚያ ከፍታ ላይ የሚደርሰው ነፋስና ፍንጣሪ እንጂ ሙሉ ሞገድ ይሆናል ብለው አልጠበቁም። ከአደጋው በኋላ የፊቱ አሉሚኒየም በብረት ተተካ። "እንዲህ ያለ ሞገድ የለም" የሚለው ግምት ከመጽሐፍ ወጥቶ የመርከብ ግድግዳ ውፍረት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

የ1995 አዲስ ዓመት

ክርክሩን የዘጋው መርከብ አይደለም። ከኖርዌይ ጠረፍ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰሜን ባሕር ላይ የቆመ "ድራውፕነር" የሚባል የጋዝ መድረክ ነው። መድረኩ ላይ ወደ ታች የሚያይ የሌዘር መለኪያ ተገጥሞ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ከሰዓት በኋላ፣ ጉልህ የሞገድ ከፍታው 12 ሜትር ያህል በሆነበት ማዕበል መሐል፣ መለኪያው አንድ ነጠላ ሞገድ መዘገበ። ከሸለቆው እስከ አናቱ 25.6 ሜትር ነው። አናቱ ብቻውን ከረጋው የባሕር ወለል 18.5 ሜትር ከፍ ብሏል።

መሣሪያው ተሳስቶ ይሆን? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመድረኩ ሥር ጊዜያዊ ዕቃ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ቀላል ጉዳት ደርሶ ተገኘ፤ ውሃው እዚያ ካልደረሰ በቀር ሊደርስ የማይችል ጉዳት ነው። የሚናወጥ መርከብ የለም፤ የደነገጠ መርከበኛ የለም፤ ሌዘርና ቁጥር ብቻ ነው። ከዱርቪል ሪፖርት 169 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፣ "ኩዊን ኤልሳቤጥ 2" ሰሜን አትላንቲክ ላይ የ"ሉዊስ" አውሎ ነፋስ ውስጥ ገብታ 29 ሜትር ያህል የተገመተ ሞገድ ገጠማት። ካፒቴኑ ሮናልድ ዎርዊክ መርከቡ በቀጥታ ወደ ዶቨር ነጭ ገደሎች የሚሄድ መስሎት እንደነበር ተናግሯል። የመርከቧን አፍንጫ ወደ ሞገዱ አዙሮ ስለነበር ማንም አልሞተም። ልዩነቱን አስተውሉ፦ ይህ ካፒቴን ሲናገር የሳቀበት የለም። በአካባቢው የነበረ ተንሳፋፊ መለኪያም ተመሳሳይ ከፍታ መዝግቦ ነበር።

በ2001 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ሁለት የመንገደኛ መርከቦች፣ "ብሬመን" እና "ካሌዶኒያን ስታር"፣ በደቡብ አትላንቲክ ላይ ወደ 30 ሜትር በተገመቱ ሞገዶች ተመቱ። የሁለቱም የመቆጣጠሪያ ክፍል መስታወት ተሰበረ። በብሬመን ላይ ውሃው ገብቶ ኤሌክትሪኩን አጠፋው፤ ሞተሯ ቆሞ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ተንሳፈፈች። ሠራተኞቹ ሞተሩን እንደገና ባያስነሱት ኖሮ የኩዊን ሜሪ ዓይነት ምት ከጎን እየጠበቃት ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት በ2000 መጨረሻ "ማክስዌቭ" የተባለ የምርምር ፕሮጀክት ጀምሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሳተላይቶች በሦስት ሳምንት ውስጥ ያነሷቸውን 30,000 ያህል የራዳር ምስሎች መረመሩ። ከ25 ሜትር በላይ የሆኑ ከአሥር የሚበልጡ ሞገዶች አገኙ። በሦስት ሳምንት!

ታዲያ እንዴት ይፈጠራል?

ባሕር ላይ ያለው ሞገድ አንድ ወጥ አይደለም። ትናንትና ሩቅ ቦታ በነበረ ማዕበል የተነሳው፣ ዛሬ እዚሁ በነፋስ የተነሳው፣ ረጅሙም አጭሩም እላይ እላዩ ይደራረባል። አናት በአናት ላይ ሲያርፍ ይደመራሉ፤ አናት በሸለቆ ላይ ሲያርፍ ይጣፋሉ። አልፎ አልፎ ብዙ አናቶች በአንድ ቦታ በአንድ ቅጽበት ይገናኛሉ። ይህ የመጀመሪያውና ቀላሉ መንገድ ነው፦ አጋጣሚ።

የአጋጣሚው መጠን ሊሰላ ይችላል። በተለመደው የስታቲስቲክስ ቀመር መሠረት ከጉልህ ከፍታው እጥፍ የሚበልጠው ከ3,000 ሞገዶች አንዱ ያህል ነው። ብርቅ ይመስላል አይደል? እስቲ እናስላው። አንዱ ሞገድ አልፎ ሌላው እስኪመጣ 10 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 3,000 ሞገድ ማለት 30,000 ሰከንድ ነው፤ ይህም ከስምንት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። በአንድ ቦታ ላይ ብትቆሙ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሊያልፍባችሁ ይችላል ማለት ነው። ታዲያ ለምን በየቀኑ አንሰማም? ምክንያቱም በአብዛኛው ቀን ባሕሩ ዝቅተኛ ነው። ጉልህ ከፍታው 1 ሜትር በሆነበት ቀን 2 ሜትር ሞገድ ቢመጣ ልብ የሚለው የለም። ስለዚህ አማካዩ ራሱ ሲያድግ ነው አደጋው የሚመጣው።

ችግሩ ይህ ቀመር ለድራውፕነር ዓይነቱ አናት በቂ አለመሆኑ ነው። እዚህ ላይ ሌሎች መንገዶች ይገባሉ።

አንዱ የውቅያኖስ ጅረት ነው። ከሞዛምቢክ ወገን ወርዶ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚፈስ "አጉላስ" የሚባል ፈጣንና ሞቃት ጅረት አለ። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው የማዕበል ሞገድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ጅረቱ ሲገፋው ሞገዱ ያጥራል፤ ጉልበቱ ግን አይጠፋም፤ ስለዚህ ቁመቱ ይጨምራል፤ ቁልቁለቱም ይቆማል። ዋራታ የጠፋችው በትክክል በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ሁለተኛው የሁለት ሞገዶች መስቀለኛ ነው። በ2019 የኦክስፎርድና የኤዲንብራ ተመራማሪዎች የድራውፕነርን ሞገድ 25 ሜትር ስፋት ባለው ክብ የውሃ ገንዳ ውስጥ በትንሹ ደገሙት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲልኩት ሞገዱ የሚፈለገው ቁመት ሳይደርስ ይሰበራል። ሁለት ሞገዶች በ120 ዲግሪ ተሻግረው እንዲገናኙ ሲያደርጉ ግን ውሃው ወደ ላይ ተተኮሰ፤ ቁመቱም ደረሰ።

ሦስተኛው ረቂቅ ነው። ተመሳሳይ ሞገዶች በሰልፍ ሲጓዙ፣ አንዱ ከጎረቤቶቹ ጉልበት እየወሰደ ብቻውን ሊያድግ ይችላል። ብሪታንያዊው የሒሳብ ሊቅ ሃወል ፔሬግሪን ይህን በ1983 በወረቀት ላይ አሳየ። በ2011 ደግሞ ተመራማሪዎች የእሱን ቀመር በእውነተኛ ውሃ ገንዳ ውስጥ አነሱት፤ ቀጥለውም መጫወቻ መርከብ ገለበጡበት። በክፍት ባሕር ላይ ይህ መንገድ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

መንገደኛውን የሚገድለው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ያዝነው ነጥብ እንመለስ። ስለ ሽፍታ ሞገድ ሲወራ ሁሉም የሚያስበው 30 ሜትር ውሃ መርከብ ሲገለብጥ ነው። በቅርብ አሥርት ዓመታት በመዝናኛ መርከቦች ላይ የደረሱትን ሞቶች ስናይ ግን ሌላ ሥዕል ነው የምናገኘው።

ማርች 3 ቀን 2010 "ሉዊስ ማጀስቲ" በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ከስፔን ወደ ጄኖዋ ስትጓዝ 8 ሜትር ያህል ሞገድ መታት። ስምንት ሜትር ነው፤ ከድራውፕነር ሲሶ አይሞላም። የፊተኛው ሳሎን መስኮቶች ተሰበሩ፤ ውሃው ገባ፤ ሁለት መንገደኞች ሞቱ። በኋላ የተደረገ ጥናት በዚያን ሰዓት ሁለት የሞገድ ሥርዓቶች ከተለያየ አቅጣጫ መጥተው ይሻገሩ እንደነበር አሳይቷል።

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2014 በእንግሊዝ ቦይ ላይ ሞገድ የ"ማርኮ ፖሎ"ን የምግብ አዳራሽ መስኮት ሰብሮ አንድ የ85 ዓመት አዛውንት ገደለ። በኖቬምበር 2022 መጨረሻ ደግሞ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ "ቫይኪንግ ፖላሪስ" በትልቅ ሞገድ ተመታች፤ የመኝታ ክፍሎች መስኮት ተሰብሮ አንዲት መንገደኛ ሞተች፣ አራት ሰዎች ቆሰሉ። ሦስቱም መርከቦች በራሳቸው ሞተር ወደብ ደርሰዋል።

ሚኬላንጄሎንና ብሬመንንም ጨምሩና ደርድሯቸው። በሁሉም ውስጥ የሚመላለሰው አንድ ነገር ነው፦ የላይኛው ክፍል፣ ከሁሉም በላይ መስታወቱ። 1 ሜትር ኪዩብ የባሕር ውሃ ከ1 ቶን በላይ ይመዝናል። ሞገድ ሲሰበር ይህ ክብደት በመኪና ፍጥነት ይመጣል። መስታወቱ ካልያዘው ቀጥሎ ያለው ሰው ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ኤሌክትሪኩ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሞተር ይቆማል፤ ሞተር የቆመበት መርከብ ጎኑን ለሞገድ ይሰጣል።

ስለዚህ ለመንገደኛው "ትልቁ ሞገድ ስንት ሜትር ነው?" ከሚለው ይልቅ የሚበልጠው ጥያቄ "በእኔና በሞገዱ መካከል ያለው ነገር ለየትኛው ሞገድ ተብሎ ተሠራ?" የሚለው ነው። ዛሬ የመዝናኛ መርከብ ገበያ የሚፈልገው ሰፊ መስኮትና ባሕር የሚያሳይ በረንዳ ነው። በኤፕሪል 2005 "ኖርዌጂያን ዶውን" በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ 21 ሜትር በተባለ ሞገድ ስትመታ 62 የመኝታ ክፍሎች ውሃ ገብቶባቸዋል፤ ውሃው እስከ 10ኛው ፎቅ ወጥቷል።

ነገሩን ማጋነንም አይገባም። በዓመት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በመዝናኛ መርከብ ይጓዛሉ፤ በእነዚህ ሞገዶች የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2012 "ኮስታ ኮንኮርዲያ" ከዓለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞተዋል፤ አንድ የመሪ ስህተት ከላይ ከዘረዘርናቸው የቅርብ ዓመታት ሞገዶች ሁሉ በላይ ገድሏል ማለት ነው። መርከብ አትሳፈሩ የሚያስብል ነገር የለም። ነገር ግን የሞቱት ጥቂት የሆኑት አደጋው ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ኩዊን ሜሪና ብሬመን ለጥቂት ስለተረፉም ጭምር ነው።

አምስት ደቂቃ ቢገኝስ?

ዛሬ የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል የሞገድ ትንበያውን ሲያወጣ አማካይ ከፍታን ብቻ አይሰጥም፤ ባሕሩ ሽፍታ ሞገድ ለመውለድ ምን ያህል እንደተመቸም ያመለክታል። አንድን ሞገድ ለይቶ "በዚህ ሰዓት እዚህ ይነሳል" ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በኖቬምበር 2020 ከካናዳዋ ቫንኩቨር ደሴት አጠገብ አንድ ተንሳፋፊ መለኪያ 17.6 ሜትር ሞገድ መዘገበ፤ በዙሪያው ያሉት 6 ሜትር ያህል ነበሩ፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ቀድሞ ያስጠነቀቀ አልነበረም።

በ2024 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተንሳፋፊ መለኪያዎች መረጃ የሠለጠነ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት ይዘው ቀረቡ። ሙከራው ላይ ሽፍታ ሞገድ ከመምጣቱ 1 ደቂቃ በፊት ከአራቱ ሦስቱን ያህል ለይቷል፤ 5 ደቂቃ ሲቀረውም ውጤቱ ብዙ አልቀነሰም። ያለ ነገሩ የሚያስጠነቅቅበት ጊዜም አለ፤ እስካሁን በየመርከቡ የተገጠመ ነገርም አይደለም።

አምስት ደቂቃ ግዙፍ መርከብ ከመንገድ ለማውጣት አይበቃም። ካፒቴኑ አፍንጫዋን ወደ ሞገዱ እንዲያዞር ግን ሊበቃ ይችላል። የፊተኛውን ሳሎን መንገደኞች "ከመስኮቱ ራቁ፣ ወደ ውስጥ ግቡ" ብሎ ለማስወጣትም ይበቃል። በሉዊስ ማጀስቲና በማርኮ ፖሎ ላይ የሞቱትን ሰዎች ለማትረፍ ያስፈልግ የነበረው ከዚህ ብዙም አይበልጥም።